የወጣት የሃይማኖት መሪዎች የአየር ንብረት ስልጠና፣ ይሄዳል ወይ ላላችሁኝ

ብዙ ሰው ኢንቦክስ እየገባ "ስልጠናው እንዴት ነበር፣ ልመዝገብ ወይ" ስላለኝ አንዴ እዚሁ ልጻፈውና ልገላገል። የአዘጋጁን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ጉድለቱ የነሱ ብቻ አይመስለኝም።

ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ደብረዘይት (ቢሾፍቱ በሉት ካላችሁም)፣ 5 ቀን፣ ማደሪያና ምግብ በነሱ። አበል አለ ወይ ያላችሁኝ፣ አለ፣ ግን ለሱ ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ የታክሲና የካርድ ነው። ወደ 30 ሰው ነበርን፤ እንደኔ ከሰንበት ት/ቤት የመጣን፣ ዲያቆናት፣ ኡስታዞች፣ የመካነ ኢየሱስ ወጣቶች፣ አንዲት የካቶሊክ ሲስተር። መስተንግዶው ላይ አፌን ሞልቼ ነው ማመሰግነው፣ ረቡዕና አርብ የጾሙ ለብቻ፣ የሙስሊሞቹ ሥጋ ለብቻ፣ የጁምአ ሰዓትም ፕሮግራሙ ላይ ከመጀመሪያው የገባ። ሌላ ቦታ ተጋብዤ አርብ ቀን ክትፎ ቀርቦልኝ ስለሚያውቅ ነው ይሄን ያነሳሁት።

የመጀመሪያው ቀን ግን እንቅልፍ ነው። ስላይዱ በሙሉ እንግሊዝኛ፣ ሚቲጌሽን፣ አዳፕቴሽን፣ ምናምን፣ ከጎኔ የነበረው ዲያቆን "ይሄን ለእናቴ እንዴት ነው ምነግራት" አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ ሰልጥነን ወጥተን ልናስተምር አይደል እንዴ የሄድነው?

ሁለተኛው ቀን ለብቻው ቢሰጥ ከፍዬም እገባ ነበር። ከደቡብ ጎንደር አካባቢ የመጡ አንድ ሰውዬ ነበሩ፣ ከላይ የተነሳ ፎቶ አሳዩን፣ መሬቱ በሙሉ የታረሰ ቡናማ ሆኖ መሀል መሀሉ ላይ ክብ ክብ አረንጓዴ ነጥብ፣ የእያንዳንዱ ነጥብ መሀል ላይ ደግሞ ቤተክርስቲያን። ነጥቡ የቤተክርስቲያኑ ደን ነው፣ ደቡብ ጎንደር ላይ ብቻ እንዲህ ያለ ከ1,000 በላይ አለ። አገር በቀሉ ዛፍ፣ ወይራው፣ ጥዱ፣ ሌላ ቦታ ተመናምኖ በብዛት እዛ ነው የቀረው። ደኑን ሚያጠፋው መጥረቢያ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከብት ነው፣ ገብቶ የበቀለውን ቡቃያ እየበላና እየረገጠ ትልልቆቹ ዛፎች ሲያረጁ ተተኪ ያጣሉ። እና ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ የሚባለው የደን ተመራማሪ ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱና ከምዕመኑ ጋር ያደረጉት ነገር በጣም ቀላል ነው፣ የድንጋይ አጥር። ገበሬው ድንጋዩን ከማሳው ለቅሞ ያመጣል፣ ማሳው ይጸዳል፣ ደኑ ይታጠራል፣ ከብቱ ይቀራል፣ ቡቃያው በራሱ ጊዜ ይነሳል፣ ችግኝ ሳይገዛ። ሰውዬው ይሄን ሲያወሩ አዳራሹ ውስጥ ስልክ የነካ ሰው አላየሁም። ጣና ዳር ስላለው ዘጌም ነገሩን፣ ቡናው ከዛፍ ስር ሆኖ መሬቱ በበሬ ሳይታረስ የኖረው በገዳማቱ ሥርዓት እንደሆነ።

ሦስተኛው ቀን ከየመጽሐፋችን ነው፣ እኛ ኦሪት ዘፍጥረት 2፥15 "ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ" የሚለውን አመጣን፣ ኡስታዞቹ ደግሞ ቂያማ ሊቆም ሲል እንኳ እጁ ላይ ችግኝ ያለ ሰው ይትከለው የሚለውን ሐዲስ (እንደዚ አይነት ሐዲስ መኖሩን በ28 ዓመቴ መስማቴ ትንሽ አሳፈረኝ)። ከዛ አንድ የቦረና ልጅ ተነሳና ከ2013 ሀገያ (የጥቅምት አካባቢው አጭር ዝናብ) ጀምሮ እስከ 2015 ሀገያ ድረስ 5 ወቅት ተከታትሎ ዝናብ ሲቀር አባቱ ከብቶቹን እንዴት አንድ በአንድ እንዳጣ አወራ። "ቸርቻችን ውስጥ ሰው የኛ ኃጢአት ነው ይል ነበር፣ እኔም አምን ነበር" አለ። ከዛ በኋላ አሰልጣኟ ስላይዷን ዘጋችው፣ ጎበዝ።

አራተኛው ቀን ላይ ነው የተናደድኩት። ችግኝ ተከላ። በጥር! ደብረዘይት ላይ በጥር ጸሐይ ችግኝ አስተከሉን፣ ባነሩ ተዘረጋ፣ ቲሸርት ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ማን ያጠጣዋል ብዬ ስጠይቅ የሆቴሉ አትክልተኛ አሉኝ፣ አትክልተኛውን ሄጄ ስጠይቀው ሰውዬው ጭራሽ አልሰማም። ያውም አጥር ያደረገውን ነገር ከተማርን በሁለተኛው ቀን።

ግን ዋናው ቅሬታዬ ሌላ ነው። "ወጣት የሃይማኖት መሪ" ይሉናል፣ እኛ ቤት ግን ማይኩ ያለው ማን ጋ ነው? አክሽን ፕላን ጻፉ ተባልን፣ እኔም "የደብሩን ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ በወይራና በጥድ መተካት" ብዬ ጽፌ ተጨበጨበልኝ። ደብራችን እንጦጦ ስር ስለሆነ ባሕር ዛፍ ሞልቷል። መጥቼ ለአስተዳዳሪው ሳስረዳ አባ በትዕግስት ሰምተውኝ "ልጄ፣ አምና ቆርቆሮ የቀየርነው በምን ይመስልሃል?" አሉኝ። በባሕር ዛፉ ሽያጭ ነው። ወይራ ለአጣና ሚደርሰው መቼ ነው፣ እስከዛ ገቢው ከየት ይምጣ፣ ይሄን ጥያቄ 5 ቀን ሙሉ አንድም ሰው አላነሳውም። ሰበካ ጉባኤው ሳይስማማ አንድ ቅርንጫፍ አይነካም፣ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ደግሞ ከኛ ስልጠና የመጣ ማንም የለም። ስልጠናው ካለቀ በኋላም ቴሌግራም ግሩፕ ተከፍቶ ነበር፣ አሁን የመልካም በዓል ፎቶ መላላኪያ ሆኗል።

ያገኘሁት ነገር ቢኖር፣ ብዙ ከተለማመንኩ በኋላ፣ በምሥራቅ በኩል አዲስ ባሕር ዛፍ እንዳይተከል አባ እሺ ብለውኛል፣ ጠበል ሊቀዳ የሚመጣውም ሰው ከቤቱ ጀሪካን እንዲይዝ ከቅዳሴ በኋላ አስነግረውልኛል። ሃይላንዱ ግን አሁንም ግቢው ውስጥ አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛው ነን ምንለቅመው።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ፣ ሁለቱ ለደቡብ ጎንደሩ ሰውዬ ናቸው። ምትሄዱ ከሆነ ፎርሙ ላይ ሁለት ሰው ማስመዝገብ ይቻላል ይላል፣ ሁለተኛውን ጓደኛችሁን ሳይሆን ከሰበካ ጉባኤ ወይም ከመስጊዱ ኮሚቴ አንድ ትልቅ ሰው ለምናችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጃኬትም ያዙ፣ በጥር ማታ ማታ ይበርዳል።