ክፍት ሰሌዳ ወይስ ዝግ ሳጥን? ጎንደር ላይ ስፒከር ለሚያሠሩ ንጽጽር

ብር ከማውጣትዎ በፊት ሜትር ይያዙና ሳሎንዎን ይለኩ። ስፒከሩ ከጀርባው ካለው ግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ የሚቆምበት ቦታ ካለ ክፍት ሰሌዳ ያስቡ፤ ከሌለ ይተዉትና ዝግ ሳጥን ያሠሩ። ክፍት ሰሌዳ የሚባለው ስፒከሩ አንድ ጣውላ ላይ ብቻ ታስሮ ጀርባው ሳይዘጋ የሚቀርበት አሠራር ነው። ከፊት የሚወጣውን ያህል ድምፅ ከኋላም ይወጣል። የኋላው ከቅርብ ግድግዳ ነጥሮ ቶሎ ከተመለሰ ከፊተኛው ጋር ተደራርቦ የዘፋኙን ቃል ያደበዝዘዋል። ሶፋው፣ ቡፌውና ቴሌቪዥኑ ግድግዳውን በያዙበት የኮንዶሚኒየም ሳሎን ይህን ርቀት ማግኘት ይከብዳል።

ግድግዳ ከጎረቤት ጋር ለሚጋራ ሰው ግን ክፍት ሰሌዳ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የፊቱና የኋላው ድምፅ ተቃራኒ ስለሆኑ ጎን ላይ ሲገናኙ ይጣፋሉ፤ ወደ ጎን የሚሄደው በጣም ጥቂት ነው። ፊት ለፊት ለተቀመጠው ሰው እኩል እየተሰማ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚረጨው ጠቅላላ ጉልበት ከሳጥኑ በ4.8 ዴሲቤል ያንሳል። የማሲንቆና የድምፃዊ ጥራት የሚያምረውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ክፍሉ የሚጨምረው ማስተጋባት ይቀንሳል፣ ሳጥን የሚፈጥረው ጉርምርምታ ደግሞ ከናካቴው የለም።

ቤዝ ላይ ማን ይበልጣል?

ሳጥኑ። ይህን ሳይሸፋፍኑ መቀበል ያስፈልጋል። 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባለው ሰሌዳ ላይ ከ285 ኸርዝ (ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) ገደማ ወደ ታች ድምፁ በየኦክታቩ፣ ማለትም ኸርዙ በግማሽ በወረደ ቁጥር፣ 6 ዴሲቤል እየወረደ ይሄዳል፤ 70 ኸርዝ ላይ ሲደርስ ወደ 12 ዴሲቤል ጠፍቷል። «በአምፕሊፋየር እሞላዋለሁ» ካሉ፣ 12 ዴሲቤል ማለት 16 እጥፍ ዋት ነው፤ የኮኑም (አየሩን የሚገፋው የስፒከሩ ፊት) ጉዞ 4 እጥፍ ይሆናል። ከኋላ የሚገፋው የታመቀ አየር ስለሌለ ኮይሉ (ከኮኑ ጋር የተያያዘው የሽቦ ጥቅል) ከማግኔቱ ጀርባ ጋር ይጋጭና «ቋ ቋ» ይላል። ከዚያ በኋላ ብዙም አይቆይም። ስለዚህ ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን በኢኳላይዘር ይቁረጡ፤ ከዋት ይልቅ የኮን ስፋት ይጨምሩ፤ በሰሌዳው ግራና ቀኝ 25 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ያስገጥሙ።

ለዳስ፣ ለሠርግ፣ ለሱቅ በር ከሆነ ንጽጽሩ እዚህ ላይ አልቋል፦ ሳጥን ይግዙ።

ሳጥን ለሚመርጡ ደግሞ ከፍታውን ያስቡበት። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ዝግ ሳጥን ውስጥ ያለው አየር እዚህ ላላ ያለ ምንጭ ይሆናል፤ 40 ሊትሩ ሳጥን 50 ሊትር የሆነ ያህል ይሠራል። ከኢንተርኔት የወረደ ንድፍ በዚያው ልክ ሠርተው ቤዙ ተለወጠብኝ ለሚሉ ሰዎች አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለቤዝ ሲባል ቱቦ የሚገባለት ሳጥን ከሆነ የቱቦው ርዝመት ግን አይለወጥም፤ የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በግፊት አይደለም።

የትኛው ስፒከር ለየትኛው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማግኔቱን በእጁ መዝኖ ሲገዛ ነው። የሚወስነው ኪውቲኤስ (Qts) የሚባለው ቁጥር ነው፤ ማግኔቱ ኮኑን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚገታው ይናገራል። ለክፍት ሰሌዳ ከ0.7 እስከ 1.0 ያለው ይመረጣል፤ ለዝግ ሳጥን ከ0.4 እስከ 0.6፤ ከዚያ በታች ያለው ቱቦ ላለው ሳጥን ነው። ማግኔቱ የሚከብደው የመድረክ 15 ኢንች ብዙውን ጊዜ 0.3 ገደማ ስለሆነ ሰሌዳ ላይ ሲታሰር ቤዙ ይከሳል። የመኪና በር ስፒከሮች ግን ጠባብ ሳጥን ሳይፈልጉ እንዲሠሩ ስለተዘጋጁ ብዙዎቹ ለሰሌዳ ይስማማሉ፤ አሮጌ ከሆነ ጠርዙ ላይ ያለው ጎማ አለመሰንጠቁን በጣት እየዳሰሱ ይዩ።

የመግለጫ ወረቀት የሌለው ስፒከር ካጋጠመዎት ቁጥሩን መለካት ይቻላል። ስፒከሩን ነጻ አየር ላይ ይዘው ከ1,000 ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ያገናኙና ከስልክ በቶን ጄኔሬተር (የመረጡትን ኸርዝ የሚያሰማ) አፕ በአምፕሊፋየር በኩል ኸርዙን እየቀያየሩ ሞገድ ይላኩ። ሬዚስተሩ ላይ 1 ቮልት እንዲሆን ካስተካከሉ፣ ስፒከሩ ላይ የሚያነቡት ሚሊቮልት በቀጥታ ኦም ነው። ርካሹ ቴስተር የኤሲ ዝቅተኛ መስመሩ 200 ቮልት ስለሆነ ይህን አያነብም፤ ኤሲ ሚሊቮልት ያለው ይዋሱ። ምሳሌ፦ የኮይሉ ኦም 6፣ ንባቡ ጫፍ የደረሰበት 50 ኸርዝ፣ እዚያ ላይ 54 ኦም ቢሆን፣ 54 ለ6 ሲካፈል 9 ነው፤ ሥሩ 3። አሁን 6 በ3፣ ማለትም 18 ኦም የሚነበብባቸውን ሁለት ቦታዎች ይፈልጉ፤ 38 እና 65.8 ኸርዝ ቢሆኑ ልዩነታቸው 27.8 ነው። 50 በ3 ተባዝቶ ለ27.8 ሲካፈል 5.4፤ እሱ ለ9 ሲካፈል 0.60። እንዲህ ያለው ክንፍ ባለው ሰሌዳ ላይ ይሠራል፤ ሳጥን ከሆነ ግን ሰፊ ይሁን፣ ከጠበበ ቤዙ ያጓራል።

እንጨትና ሽቦ

1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ አንድ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ሁለት ሰሌዳ (60 በ120 ሴንቲ ሜትር) እና አራት ክንፍ (25 በ120) ይወጣዋል። ኤምዲኤፍ ይረክሳል፣ ድምፁም ደህና ነው፤ ክረምት ላይ እርጥበት ካገኘው ግን ጠርዙ ያብጣል፣ ብሎኑም ይላላል። ቀዳዳውን ከመሐል ወደ አንድ ጎን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ያሽሹት፤ ወደ ሁሉም ጠርዝ ርቀቱ እኩል ከሆነ መጣፋቱ አንድ ቦታ ላይ ይከማችና ድምፁ ይጎድላል። ከትልቁ የቤዝ ስፒከር ሌላ ለቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ስፒከር ካሰሩ፣ የትንሹን ቀዳዳ ከጀርባ በኩል በሞረድ ሰያፍ ያድርጉለት፤ አለዚያ 18 ሚሊው እንደ ቱቦ ያፍነዋል። ጀርባውን ለአቧራና ለአይጥ በስስ ሻሽ ይሸፍኑ፤ ወፍራም ጨርቅ አይሆንም።

ድምፁን 250 ኸርዝ አካባቢ ለትልቁና ለትንሹ ለመክፈል፣ ሁለቱም 8 ኦም ከሆኑ፣ ለትልቁ ለብቻው የሚገጠም 5 ሚሊሄንሪ ኮይል፣ ለትንሹ 80 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በቂ ነው። ካፓሲተሩ ዋልታ የሌለው መሆን አለበት። ካልተገኘ ሁለት ባለ 150 ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ተያይዘው 75 ይሰጣሉ።

ሙከራ

በ1.5 ቮልት ባትሪ ዋልታውን ይፈትሹ፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ሲነካ ኮኑ ወደ ፊት ይወጣል። ግራና ቀኙ ከተቃረኑ ቤዙ መሐል ክፍሉ ላይ ይጠፋል፣ ሰውም ሰሌዳውን ይወቅሳል። ማይክ ኮኑ አፍ ላይ አስጠግቶ መለካት ክፍት ሰሌዳን ያሞካሻል፤ መጣፋቱ እዚያ አይታይም። ከ1 ሜትር፣ ከተቻለ ግቢ አውጥተው ይለኩ። ከዚያ ቤት ውስጥ ቶኑን ከ40 ወደ 120 ኸርዝ ቀስ እያሉ ያሳድጉ። ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹ ሲንጫረሩ ወይም ኮርኒሱ ሲርገበገብ ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም፤ መጀመሪያ እነሱን ያንሱ፣ ያጥብቁ። በመጨረሻ በገና ያጫውቱ፦ እንዚራው (ጅማቱ ሥር የሚገባው ቆዳ) ጅማቱን ሲነካ የሚወጣው ዝዝታ ከጅማቱ ድምፅ ተለይቶ ካልተሰማ ሰሌዳውን በ10 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት እየሳቡ ደግመው ያዳምጡ፤ ሲለይ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ።