ጆፕሊን ወይስ ሲንክቲንግ?

ደብረ ብርሃን ሱቅ ያላት ጓደኛዬ የዱቤ መዝገቧን ስልኳም ላፕቶፗም ላይ ማየት ትፈልጋለች። የደንበኞቿ ስም ግን የማንም ኩባንያ ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ አትፈልግም። ልክ ናት።

ጆፕሊን ሙሉ የማስታወሻ መተግበሪያ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይጻፍበታል። መሣሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኙት ግን መሃል ላይ ባለ ሰርቨር ነው፤ ለምሳሌ ራሳችሁ ልትተክሉት በምትችሉት የፋይል ማስቀመጫ፣ በኔክስትክላውድ። ሰርቨሩ ቤት ከሆነ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ጽሑፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆልፈው ምስጠራም በራሱ አይበራም። ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ራሳችሁ አብሩት፤ ይህን አደራ።

ሲንክቲንግ መጻፊያ አይደለም። ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ያሉበትን ፎልደር ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ በቀጥታ ያመሳስላል። ስልኩና ላፕቶፑ አንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል። ሁለቱም ግን በአንድ ጊዜ መከፈት አለባቸው። አንዱን ማስታወሻ ሳይመሳሰል በፊት ሁለቱም ላይ ካረማችሁት፣ ስሙ ላይ «sync-conflict» የሚል ተጨማሪ ፋይል ይመጣል፤ ማስታረቁ የእናንተ ነው።

አይፎን ለያዘ ጆፕሊን ይቀላል። ለጓደኛዬ ግን ያለምንም ማመንታት ሲንክቲንግን እመርጣለሁ፤ መዝገቧ የማንም ሰርቨር ላይ አይቀመጥም። አንዱ ላይ የተሰረዘ ሌላውም ላይ ስለሚሰረዝ፣ በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ ትገልብጠው።