በእስክንድርያ ባሕሪ ሰፈር፦ ዓሣውን ከበረዶ ላይ መርጦ መብላት

እስክንድርያ ለብዙዎቻችን ከሁሉ በፊት የጳጳሳት ከተማ ናት። ቅዱስ አትናቴዎስ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ከሾመበት ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ እስኪሆኑ ድረስ መንበሯን ስንጠራ ኖረናል፤ በገበታዋ ላይ ምን እንደሚቀርብ የጠየቀ ግን ብዙ ያለ አይመስለኝም። እዚህ የምገመግመው ባሕሪ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ከአቡል ዐባስ አል ሙርሲ መስጊድ ጀርባ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ የሚገኝ የዓሣ ቤት ነው። ስለ ሒሳቡ የምለው ነቀፌታ ስላለኝ ስሙን ትቼዋለሁ፤ በሰፈሩ ያሉ ቤቶች አሠራር ተቀራራቢ ስለሆነ አንባቢ ብዙ አይጎድልበትም።

ሰፈሩ ካረፈበት መሬት ከፊሉ በጥንት ጊዜ ባሕር ነበረ። የፋሮስን ደሴት ከከተማዋ ጋር ለማገናኘት ከታላቁ እስክንድር በኋላ ግብፅን በገዙት በፕቶሌሚ ነገሥታት ዘመን በባሕሩ ውስጥ የተዘረጋው መንገድ ግራና ቀኙ በደለል እየተሞላ ሰፊ የመሬት አንገት ሲሆን፣ ወደቡም ለሁለት ተከፈለ፤ ምዕራባዊው ዛሬ የጭነት መርከቦች ማረፊያ ሲሆን በምሥራቃዊው የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች ይቆማሉ። በደሴቲቱ ጫፍ ከመቶ ሜትር በላይ ይረዝም የነበረው የመብራት ግንብ በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈረሰ በኋላ ሱልጣን ቃይትባይ እ.ኤ.አ. በ1477 በቦታው ምሽግ ማሠራት ጀመረ። ጎብኚው ምሽጉን አይቶ ሲመለስ ኮርኒሽ በሚባለው የባሕር ዳር ጎዳና ወዳሉት ባሕር የሚያሳዩ ምግብ ቤቶች ይገባል። እኔ ግን ጀርባን ለባሕሩ ሰጥቶ ሁለት መታጠፊያ ወደ ውስጥ መግባትን እመርጣለሁ፤ በኮርኒሹ ላይ የመስኮቱም ዋጋ ከዓሣው ጋር ይከፈላል፣ በውስጥ መንገድ ያለው ባለቤት ግን ደንበኞቹ የሰፈሩ ሰዎች በመሆናቸው ያደረ ዓሣ ሊሸጥላቸው አይደፍርም።

በዚህ ቤት የምግብ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት የለም። በበሩ አጠገብ በተሰባበረ በረዶ ላይ ዓሣው ተደርድሯል፤ ደንበኛው ይመርጣል፣ በኪሎ ይመዘንለታል፣ በምን መልክ እንዲሠራለት እንደሚፈልግም ይናገራል። የአካባቢው ሰው የዓይኑን ጥራትና የስንጥቡን ቅላት ካየ በኋላ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አያልፍም፦ የባሕር ነው ወይስ የመዝረዓ፣ ማለትም በኩሬ የረባ? ግብፅ በአፍሪካ ከፍተኛውን የእርባታ ዓሣ የምታመርት አገር ስለሆነች ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ በተለይ በክረምታቸው፣ ማለትም በእኛ በጋ፣ ነዋ የሚሉት ማዕበል ተነሥቶ ጀልባዎች ወደብ ሲውሉ፣ በበረዶው ላይ ያለው አብዛኛው የኩሬ ዓሣ ይሆናል። ሻጩ ለጠየቅነው ሁሉ ሳያቅማማ መልሷል፣ የኩሬውንም የኩሬ ነው ብሎ ለይቶ አሳይቶናል። ገምበሪ የሚሉት ሽሪምፕ፣ ካላማሪና ከነዛጎሉ የሚቀቀለው ገንዶፍሊም በብዛት አለ፤ ነገር ግን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጡር፣ በአገራችንም አምባዛን እንኳ፣ የማይበላ ቤተሰብ ውስጥ ስላደግሁ አላዘዝኳቸውም፣ ስለ ጣዕማቸውም አልፈርድም። እንደ እኔ ላሉት ቡሪ፣ ደኒስና ቃሩስ የተባሉት ባለ ቅርፊት ዓሦች ይበቃሉ።

ከሁሉ የበለጠው በፉርሽካ የተጠበሰው ቡሪ ነው። ዓሣው ቅርፊቱ ሳይነሣ በስንዴ ፉርሽካ ይለወስና በጋለ ብረት ላይ ይጋደማል፤ ፉርሽካው አሮ ጥቁር ሽፋን ይሆናል፣ ሥጋው ግን ከውስጥ በራሱ ጭማቂ ይበስላል። ከእሳት እንደወጣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ከሙን በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ይነከርና ሲጢጥ እያለ ይቀርባል። ጥቁሩን ቆዳ በጣት ስገፈው አንድ ወጥ ሆኖ ተላቀቀ፤ ሥሩ ያለው ነጭ ሥጋ ከሆዱ አካባቢ በራሱ ቅባት ይወዛል፣ ሎሚው ደግሞ ቅባቱን ይቆርጠዋል። ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ የተከፈተው፣ በላዩ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ድንብላል ተደርጎ በምድጃ የሚገባው ሲንጋሪ የተባለው አሠራር መልኩ ቢያምርም ደኒሱ ጥቂት ደርቆብናል፤ ቀጭን ዓሣ ለዚህ አሠራር አይሆንም።

ሰያዲያ የሚባለው ሩዝ ለብቻው ይጠቀስ። ሽንኩርቱ ሊጠቁር እስኪቃረብ ድረስ ይቁላላል፣ ከዚያ የዓሣው መረቅና ከሙን ተጨምሮበት ሩዙ በዚያው ይበስልና ቡናማ ይሆናል። ቁሌት የሚያውቅ ሰው ሽንኩርቱ ሳያርና ሳይመር ያን ያህል እንዲጠቁር የሚጠይቀውን ትዕግሥት ይረዳል፤ የዚህ ቤት አብሳይ ትዕግሥቱ አለው፣ ዘይቱን ግን አብዝቶታል።

በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ መሰል በርበሬ የተጋገረችው ሰርዲን ርካሽ ናት፣ እኛንም በሩቁ ትነካናለች። ከአስዋን ታላቁ ግድብ በፊት ዓባይ በክረምት ሞልቶ ወደ ባሕሩ ሲገባ የሚያደርሰው አፈር፣ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበው፣ ሰርዲኗ የምትመገባቸውን ጥቃቅን ፍጥረታት ያራባ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጎርፉ ሲቋረጥ በዓመት 18 ሺህ ቶን ገደማ ይደርስ የነበረው የሰርዲን ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሺህ ቶን በታች ወረደ፤ ያገገመው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የቀረበችልን ከነአጥንቷ የምትበላ፣ ለጋ ነበረች፤ ሌላ ሳህን አስጨመርን።

ቅሬታዬ በሒሳቡ ላይ ነው። ገና ከመቀመጣችን ጣሂና የሚሉት የሰሊጥ ልውስ፣ የተቦካ አትክልትና ጀርጂር የተባለው ቅጠል ሰላጣ በትናንሽ ሳህኖች ጠረጴዛውን ሞሉት፤ ሳናዝዝ የመጡት ሁሉ በስተመጨረሻ በየስማቸው ተቆጥረዋል፣ በላዩም የአገልግሎትና የግብር ክፍያ ተደምሯል። ዓሣው የሚመዘነው ሆድ ዕቃው ሳይወጣ መሆኑ የተለመደ ስለሆነ አልከራከርበትም፤ ያልታዘዘን ማስከፈል ግን ለእንግዳ ነውር ነው። አስተናጋጁ በትሕትና ቢያብራራም ከሒሳቡ አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም። ስለዚህ የማትፈልጉትን ሳህን ሳትነኩ መልሱ፣ የማብሰያውን ዋጋም ዓሣው ሚዛን ላይ እያለ አስነግሩ።

ይህን ሁሉ ይዤ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ስለሚመጣ ቦታ አይገኝም፤ በሌላው ቀን በእኛ አቆጣጠር ከሰባት ሰዓት በፊት የደረሰ ሰው ግን ከበረዶው ላይ ትልቁን ቡሪ ይመርጣል።