ደረቅ አገር ላይ ሰብል ልማት ለሚማር፦ መስኖ ይሻላል ወይስ በዝናብ የሚለማው?

ስፔሻላይዜሽን ምርጫ ላይ ስትደርሱ ጭቅጭቁ ይሄ ነው። መስኖ ያምራል፣ አልዋሽም። ድሪፕ (ቀዳዳ ባለው ቧንቧ ጠብ ጠብ እያደረገ የሚያጠጣው) ውሃውን ቀጥታ ስሩ ጋ ስለሚያደርስ በደንብ ከተያዘ 90 በመቶ አካባቢው ለተክሉ ይደርሳል፣ በቦይ ሲለቀቅ ግን 60 በመቶ ገደማ ነው። ቀድሞ ማንም የማይነግራችሁ ጨውን ነው፣ ውሃው ይተናል ጨዉ ይቀራል፣ እርጥቡ ቦታ ዳር ዳሩን ነጭ ነገር ካያችሁ በቃ ችግሩ ጀምሯል፣ የድሪፑ ቀዳዳዎችም በደለል ይደፈናሉ፣ ፊልተር ማጠብ ራሱን የቻለ ኮርስ ነው በሉት ሃሃ።

በዝናብ የሚለማው ሲያዩት ኋላ ቀር ይመስላል፣ ግን ከዓለም የእርሻ መሬት 80 በመቶ የሚሆነው እኮ ያለ መስኖ ነው የሚታረሰው! እዚህ የምትማሩት እርጥበትን አፈር ውስጥ ማቆየት ነው፣ መሬቱን ገለባ ማልበስ፣ ዝናቡ እንዳይሸሽ ትልሙን በየመሃሉ በአፈር መገደብ፣ ድርቅ የሚችል ዘር መምረጥ። ማሽላን ብቻ እዩት፣ ውሃ ሲያጥረው ቅጠሉን ጠቅልሎ ይጠብቃል፣ በቆሎ ግን አበባ ላይ እያለ ድርቅ ከመታው ፍሬ መያዙ ያጠራጥራል።

እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፣ መስኖውን በአንድ ሁለት ኮርስ እደርስበታለሁ።