ባልቲሞር ወደብ፦ መርከቡ 10 ሰዓት ይነሳል፣ እናንተስ ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?

መጀመሪያ በሰዓቱ እንስማማ። እዚህ የምጠራው ሰዓት ሁሉ የሐበሻ ነው። 10 ሰዓት ስል ከቀኑ 10 ነው፤ ፈረንጆቹ 4 የሚሉት። ይህን የማስቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በዚህችው ነገር መርከብ ሊያመልጠው ለትንሽ ነው የተረፈው። እሱን እመለስበታለሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ ሰው ማመላለስ ነው፤ በፊት በታክሲ፣ አሁን በአፕ። ወደ ባልቲሞር ክሩዝ ተርሚናል (የሽርሽር መርከብ ወደሚነሳበት) ሰው ማድረስ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። በሩን ከውጭ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አላውቅም። ውስጡን ያየሁት ግን ባለፈው ነሐሴ ነው። ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችን፣ አማቴና ያ ወንድሟ ሆነን ለአምስት ሌሊት ወደ ቤርሙዳ ሄድን። ስለዚህ ይህ የሹፌርም የተሳፋሪም አስተያየት ነው።

የሹፌሩን ላስቀድም። መርከብ በሚነሳበት ቀን ጠዋት ወደቡ ላይ ሁለት ዓይነት ሕዝብ አለ። አንዱ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ሻንጣ እየጎተተ የሚወርደው ነው። ሌላው ሊሳፈር የመጣው ነው። መርከቡ ግን ያው አንድ መርከብ ነው። ጠዋት ሰው ያራግፋል፣ ክፍሉ ይጠረጋል፣ አንሶላው ይቀየራል፣ ምግቡ ይጫናል፣ ከሰዓት ተመልሶ ይሄዳል። የመጨረሻው ወራጅ ሳይወጣና የድንበር ጥበቃ ሰዎች ጨርሰናል ሳይሉ አዲስ ሰው አይገባም። 3 ሰዓት ላይ ብትደርሱ የምታገኙት የወራጁን መኪና ሰልፍ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ሽማግሌ ባልና ሚስት ጫንኩ። የመሳፈሪያ ቀጠሯቸው 7 ሰዓት ነው። 3 ሰዓት ላይ አድርሰን አሉኝ። "መንገድ ላይ ቁርስ ቢጤ ብትበሉስ?" አልኳቸው። ሚስትየው እሺ ልትል ነበር፣ ባልየው እምቢ አለ። አደረስኳቸው። ከዚያ አንድ ወራጅ ይዤ ቢ ደብልዩ አይ ኤርፖርት ሄድኩ፤ ሌላ ተሳፋሪ አግኝቼ 5 ሰዓት ላይ ወደቡ ተመለስኩ። ሁለቱ እዚያው ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። ባልየው አየኝና እጁን አነሳልኝ። ሚስትየው አላነሳችም።

ሰው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ይገባኛል። ገንዘቡን ከፍሏል፣ ፈቃድ ወስዷል፣ ሌሊቱን አልተኛም። ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያቅተዋል። በጠዋት መምጣት ግን መጠበቁን አያሳጥረውም። ከሶፋ ላይ አንስቶ አስፋልት ላይ ያደርገዋል እንጂ።

አሁን አብዛኛው የክሩዝ ኩባንያ የመድረሻ ሰዓት ያስመርጣል። ከጉዞው የተወሰኑ ቀናት ወይም ሳምንታት ቀደም ብሎ ኦንላይን ቼክ ኢን ሲከፈት ፓስፖርቱን ታስገባላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ከዚያ ሰዓት ትመርጣላችሁ። ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚከፈት እንደ ኩባንያው ይለያያል፤ የቲኬታችሁን ወረቀት እዩ። የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ቶሎ ያልቃሉ። መሳፈር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው 5 ሰዓት ወይም 5 ተኩል ገደማ ነው። ቀድሞ የገባ ምሳውን መርከብ ላይ ይበላል፣ መዋኛውን ሳይሞላ ያገኘዋል። ያ እውነት ነው፤ ልጆች ያሉት ሰው ቢመርጠው አልፈርድበትም።

ያልተነገረው ነገር ክፍሉ የሚከፈተው 7 ወይም 7 ተኩል ላይ መሆኑ ነው። እስከዚያ የእጅ ሻንጣችሁን ተሸክማችሁ ትዞራላችሁ። አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቦርሳ ታቅፈው ምግብ ቤት እንዲቀመጡ አልፈለግኩም። 6 ሰዓት ተኩልን መረጥኩ። ዛሬም ብመርጥ ያንኑ ነው። ወራጁ ሄዷል፣ የጠዋቱ ጥድፊያ አልፏል፣ እናንተ ፍተሻውን ስትጨርሱ ክፍሉ ሊከፈት ነው።

ከእኛ ሰፈር መንገዱ ቀላል ነው። ቤልትዌይ የሚባለው ቀለበት መንገድ፣ ከዚያ 95 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን፣ ከዚያ ኤግዚት (መውጫ) 55። ኤግዚት 55ን ግን አትለፉት። ካለፋችሁት ቀጥሎ ያለው የፎርት ማክሄንሪ መሿለኪያ ነው። በባሕሩ ሥር ትሻገራላችሁ፣ ቶል (የመንገድ ክፍያ) ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ዞራችሁ በመምጣት እንደገና ትከፍላላችሁ። በሥራዬ አንድ ቀን ደርሶብኛል፤ ሁለቱንም ቶል ከኪሴ ከፈልኩ።

ፓርኪንጉ ተርሚናሉ አጠገብ ነው። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፤ አውቶቡስ መጠበቅ የለም። መጀመሪያ በሩ ላይ አማቴን፣ ልጆቹንና ትልልቁን ሻንጣ አወረድኩ። ሻንጣ ተቀባዮቹ ሻንጣው ላይ የታሰረውን የስም ታግ አይተው ወሰዱት። ቲፕ ስጧቸው፣ አትሰስቱ። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ ቻርጀርና የልጆቹ የዋና ልብስ ግን በእጃችሁ ይሁን። ለሻንጣ ተቀባይ የሰጣችሁት ክፍላችሁ በር ላይ የሚደርሰው ማታ ሊሆን ይችላል።

ከመኪና ወርደን መርከቡ ላይ እስክንቆም 35 ደቂቃ ፈጀብን። የባልቲሞር ተርሚናል ትንሽ በመሆኑ ነው። መርከቦቹ ከወደቡ ወጥተው በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ አለባቸው፤ የድልድዩ ከፍታ ደግሞ 57 ሜትር አካባቢ ነው። ግዙፎቹ አይገቡም። ከማያሚ የሚነሳው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ እስከ 7,600 ተሳፋሪ ይጭናል። እዚህ የሚመጡት ሁለት ሺህና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ሰው የሚይዙ ናቸው። ሰልፉም በዚያው ልክ ነው። ለወደቡ አምስት ኮከብ እሰጣለሁ።

አሁን ወደዚያ ልጅ። የባለቤቴ ወንድም የመጣው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። አማርኛ ይናገራል፣ ያነባል፣ ሽሮ ይሠራል። ሰዓት ግን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። እኔ ደግሞ የሁላችንንም ቼክ ኢን በኔ ስልክ ጨርሼ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ቀጠሯችን ሐሙስ 6 ሰዓት ተኩል፣ መርከቡ 10 ሰዓት ይነሳል።" እሱም አውራ ጣቱን ላከ። እኔ ተግባባን ብዬ ተኛሁ።

6 ሰዓት ከ40 ላይ የለም። 6 ሰዓት ከ50 ላይ ደወልኩ።

"የት ደረስክ?"

"ሥራ ነኝ።"

"ምን ሥራ?"

"ኧረ ገና ነው፤ በአራት እወጣና በአምስት ተኩል እዚያ ነኝ። አንድ ሰዓት ቀድሜ ማለት ነው።"

እሱ በአራት የሚለው እኔ 10 የምለውን ነው። መርከቡ የሚነሳበትን። ለካ ቀጠሮው በፈረንጅ ማታ 6 ተኩል፣ መርከቡም በፈረንጅ ማታ 10 የሚነሳ መስሎታል። አማቴ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ያሉትን እዚህ አልጽፍም፤ ሲጨርሱ ግን ልጁ መኪናው ውስጥ ነበር። ደግነቱ ሻንጣውን ከማታ ጀምሮ አዘጋጅቷል፣ ቤቱም ሎረል ነው፤ ሩቅ አይደለም።

ስንት ሰዓት ነው "አለቀ" የሚባለው? ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። መርከቡ 10 ሰዓት ይነሳል ማለት እስከ 10 ሩብ ጉዳይ መድረስ ይቻላል ማለት አይደለም። በአሜሪካ ሕግ የተሳፋሪዎች ስም ዝርዝር መርከቡ ከመነሳቱ ቢያንስ 60 ደቂቃ በፊት ለድንበር ጥበቃ መላክ አለበት። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ቼክ ኢኑን ከመነሻው 60 ወይም 90 ደቂቃ ቀድመው ይዘጋሉ። የኛ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ መለመን ዋጋ የለውም፤ መርከቡ ቆሞ እያያችሁት ትቀራላችሁ። ከዚያ ያለው ምርጫ በራስ ገንዘብ ቤርሙዳ ድረስ በርሮ መከተል ነው። ለበረራው ደግሞ ፓስፖርት የግድ ነው፤ በልደት ወረቀት የመጣ ሰው እዚያው ያበቃለታል።

ልጁ 8 ሰዓት ከ10 ላይ ገባ። ላቡ ጠብ ይላል። የሚገርማችሁ፣ ሰልፍ አልነበረም። በስምንት ደቂቃ አለፈ። መርከቡ ላይ ሲደርስ "ታዲያ እናንተ ይህን ሁሉ ሰዓት እዚህ ምን ትሠሩ ነበር?" አለን። እናቱ አዩት። ዝም አለ።

ይህን ሰምታችሁ "እንግዲያው 8 ሰዓት መድረስ ነው" እንዳትሉ። 95 ላይ አንድ መኪና ቢጋጭ የሚሆነውን እኔ አውቃለሁ። በአውሮፕላን የምትመጡማ ቀድማችሁ አንድ ቀን እደሩ። በዚያው ቀን ጠዋት ከአትላንታ በርረው የመጡ ሰዎችን ከኤርፖርት ወደ ወደቡ አድርሻለሁ። ኋላ ወንበር ላይ ሆነው ሰዓታቸውን ሲያዩ እኔንም ደሜን አፈሉት።

ከገባችሁ በኋላ አንድ ግዴታ አለ፤ የአደጋ ጊዜ ልምምዱ። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው የክሩዝ መርከብ እ.ኤ.አ. በ2012 ጣሊያን ላይ ከሰጠመች ወዲህ ሕጉ ጠብቋል፤ ልምምዱ ከመነሳት በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሱ መደረግ አለበት። በኛ መርከብ ቪዲዮውን በስልክ አይቶ፣ የተመደበበት ቦታ ሄዶ ካርድ ማስነካት ብቻ ነበር። ለአማቴ አሳንሰር ነበርና አልከበደም።

የአማቴ ሻንጣ ግን ሊመጣ ነው? ማታ 1 ሰዓት ሆነ፣ 2 ሰዓት ሆነ፣ የሁላችንም ደርሷል፣ የሳቸው የለም። ቆይቶ ተጠራን። አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ሻንጣቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ተከፈተ። ጀበና፣ ስድስት ስኒ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ዕጣን፣ እና የኤሌክትሪክ ምድጃ። "እማማ፣ ይህን መቼ ከተቱት?" አልኳቸው። "ቤርሙዳ ላይ ቡና ማን ያፈላልኛል ብዬ ነዋ" አሉ። ምድጃና የሚጨስ ነገር እሳት ያስነሳል ተብሎ ክሩዝ ላይ ክልክል ነው። ሁለቱን አስቀርተው በመጨረሻው ቀን እንደሚመልሱ ደረሰኝ ሰጡን። ጀበናውን መለሱላቸው። አምስት ሌሊት ሙሉ መስታወቱ ፊት ተቀምጦ ተጓዘ። ዋናው ነገር፣ እንዲህ ያለ ዕቃ የያዘ ሻንጣ ቀድማችሁ ብትደርሱም ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ወደ መነሻችን ልመለስ። መርከቡ በሰዓቱ ተነሳ። ጥቂት እንደሄደ የፍራንሲስ ስኮት ኪይ ድልድይ በነበረበት አለፍን። ማርች 26 ቀን 2024 ሌሊት ዳሊ የተባለው የጭነት መርከብ ገጭቶ የጣለው ነው። ስድስት ሠራተኞች ሞቱ፤ ሌሊት መንገድ ሲጠግኑ የነበሩ ስደተኞች ናቸው። በዚያ ድልድይ ላይ ስንት ሌሊት ነድቻለሁ። አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው አማተቡ። እዚያ ጠርዝ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ድምፁን ቀነሰ።

ሁለት ሌሊት ተጉዘን ቤርሙዳ ደረስን። ቤርሙዳ ከኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ከመርከብ ስትወርዱ የመመለሻው ሰዓት የሚቆጠረው በመርከቡ ሰዓት ስለሆነ ስልካችሁ ራሱን ቀይሮ እንዳያሳስታችሁ ተጠንቀቁ። መውረጃው ላይ አማቴ "ስንት ሰዓት ነው የምንመለሰው?" ብለው ጠየቁ። የባለቤቴ ወንድም ወደኔ ዞሮ፣ "አንተ አትናገር፤ እኔ ራሴ በሩ ላይ የተለጠፈውን ላንብብ" አለኝ።