ለተረከዝ ሕመም የሚሸጠው የሲሊኮን ሶል

ደብረ ማርቆስ ከሚገኝ አንድ የሕክምና ዕቃዎች መሸጫ የገዛሁት፣ ጫማ ውስጥ ከተረከዝ ሥር የሚገባው የሲሊኮን ሶል፣ እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚያስተምር ሰው ገንዘቡ የማይቆጭበት ዕቃ ነው፤ ይሁን እንጂ ሻጩ በሽታውን ከሥሩ ይነቅላል ቢልም፣ የሚነቅል አይደለም። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋው ወፍራም የውስጥ እግር ጅማት በተደጋጋሚ ጫና ሲጎዳ ሲሆን፣ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ሚስማር እንደ መርገጥ የሚሆኑትም ሌሊቱን የተኮማተረው ጅማት በድንገት ስለሚለጠጥ ነው። ሶሉ ተረከዝን ከኮብልስቶኑ ይጋርዳል እንጂ ጅማቱን አያፍታታም።

የሚያፍታታው እንቅስቃሴ ነው፤ ይኸውም ከአልጋ ሳይወርዱ የእግር ጣቶችን በእጅ ይዞ ወደ ቅልጥም መሳብ፣ ከዚያም ግድግዳ ተደግፎ የታመመውን እግር ወደ ኋላ በማድረግ፣ ተረከዙን ከመሬት ሳያነሡ ባትን መወጠር ነው። ሶሉንና እንቅስቃሴውን አንድ ላይ በመያዜ የጠዋቱ ሕመም ቀስ በቀስ ቀንሶልኛል። አብዛኛው ታማሚ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚድን ቢሆንም ወራት ሊወስድ ይችላል። ብዙዎች የሚቸኩሉለት የስቴሮይድ (ብግነትንና ሕመምን የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ ግን እፎይታው አጭር ነው፤ ሲደጋገምም ጅማቱን ሊበጥስ ይችላል።

የሶሉ ጉድለት ጠባብ ጫማ ውስጥ እግርን ወደ ላይ መግፋቱና ማላቡ ነው። በረባሶ ለሚጫሙ የገጠር ዘመዶቼ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ የሚረጋበት የለውም። የሚገዛ ሰው አንድ እግሩን ብቻ ቢያመውም ጥንዱን በሁለቱም ጫማዎች ያድርግ፤ አለዚያ የእግሮቹ ቁመት ይበላለጣል።