ሻይ እየጠጣሁ ያሳለፍኩት ቡሎን (ቪትዜ ከ8 ወር በኋላ)

ከ8 ወር በፊት የቪትዜን የኋላ ሾክ አብዞርበሮች (የመንገዱን ንጠት የሚያበርዱትን) ራሴ ገጠምኩ። የፊቶቹንና የብራቾ (ጎማውን ከመኪናዋ ሥር የሚያያይዘው የብረት ክንድ) ጎሚኒዎቹን፣ ማለትም መጋጠሚያው ላይ ያሉትን ላስቲኮች፣ መካኒክ ገጠመልኝ፤ የእጅ 3,000 ብር ከፈልኩ። በአራተኛው ወር ሲጥ ሲጥ ማለት የጀመረው የትኛው ይመስላችኋል? የፊቱ።

ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ስመጣ ምንም አይሰማም። 85 ኪሎ ሜትር ጸጥ። ጉዱ አዳማ ገብቼ ወደ ሰፈር የሚወስደው ኮብልስቶን ላይ ስወጣ ነው። በየጉብታው የዛገ የቆርቆሮ በር የሚከፈት ይመስላል። የባጃጅ ልጆች ሳይቀሩ ዞር ብለው ያዩኝ ነበር።

ዕቃውን የሸጠልኝን ልጅ በሐሳቤ ስንት ቀን ተጨቃጨቅኩት። «ሙች ስልሽ፣ ኦርጅናል ነው» ብሎኝ ነበር። ኦርጅናል ከሆነ ለምን ይጮሃል? በሐሳቤም መልስ አያጣም፦ «መንገዱ ነው እህቴ፣ ዕቃው ምን ያድርግ?»

ነገሩን የፈቱት ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የነዱ ጋሼ። ጎንበስ ብለው ከጎማው ጀርባ አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሲያስሩት መሬት ረግጣ ነበር ወይስ ክሪክ ላይ?»

ክሪክ ላይ ነበረች። ሻይ እየጠጣሁ፣ ጎማው ወልቆ፣ ብራቾው ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ረዳቱ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ ሲያጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጎሚኒው መሃሉ ላይ የብረት ቀለበት አለው፤ ላስቲኩ ከሱ ጋር ተጣብቋል። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቀለበቱ ባለበት ይቆለፋል። መኪናዋ ስትወርድ ብራቾው ወደ ላይ ይነሳል፣ ላስቲኩ ይጠመዘዛል። ደጅ ቆማ እንኳ ተጠምዝዞ ነው የሚያድረው። በዚህ ላይ የኛን ኮብልስቶን ጨምሩበት፤ ይቀደዳል፣ ይጮሃል። ቡሎኑን ላላ አድርጎ ማስገባት፣ መኪናዋን ማውረድ፣ ከዚያ ማጥበቅ ነበር። ይኸው ነው። ለዚህ ነው 3,000 ብር የከፈልኩት?

የኋላው ለምን ዝም እንዳለ ልንገራችሁ፤ አዋቂ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ክሪኬ ዘይት ያፈሳል፣ ቀስ እያለ ይወርድብኝ ነበር። ትርፍ ጎማውን ከሥሯ አስገብቼም ፈራሁ። ቶሎ ብዬ ጎማዋን አሰርኩና አወረድኳት፤ በጎሚኒ ውስጥ የሚያልፈውን የሾኩን የታች ቡሎን ያጠበቅኩት እሷ መሬት ረግጣ፣ እኔ መሬት ላይ ተኝቼ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሬ ስጨርስ እቤት ቡናው በረካ ደርሷል። አንድ የዛገ ቡሎን ብቻ፣ ናፍጣ እየጠጣ 2 ሰዓት በላኝ። ጣቴም ተላጠ። ደግሜም ራሴ እገጥመዋለሁ፤ በቪትዝ የኋላው ሾክና ሞላ ለየብቻ ስለሆኑ አያስፈራም።

የፊቱን ግን አልነካም። እዚያ ሾኩ ሞላው ውስጥ ነው። ሞላውን ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ ሳይኖር የላዩን ዳዶ የፈታ፣ ሞላው ፊቱ ላይ ይፈናጠርበታል። ጎሚኒውም በፕሬስ (በኃይል ተጭኖ በሚያስገባ ማሽን) ነው የሚገባው።

ሾኮቹ ራሳቸው? ደህና ናቸው። ኮፈኑን ተጭኜ ስለቃት አንዴ ተነስታ ትቆማለች።

ጋራዡ ተመለስኩ። «ጎሚኒው ቻይና ነው እኮ» አለኝ መካኒኩ። ሻጩ በመንገዱ፣ መካኒኩ በሻጩ። አዲስ ጎሚኒ ገዛሁ፣ የእጁንም ግማሽ ከፈልኩ፤ እሱ ዛሬም ያንገበግበኛል። ሻይ ግን አላዘዝኩም። ረዳቱ ቱቦውን ሲያነሳ «መጀመሪያ አውርዳት» አልኩት። እሱ መካኒኩን አየ፣ መካኒኩ እኔን።

«እህቴ፣ ይሄን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«አውርዳት።»

አወረዳት። 2 ወር ሆነ፣ ድምፅ የለም።